ድራይቨሩ ቺፑን ይወቅ፣ ቦርዱን አይወቅ፦ የኢምቤድድ ድራይቨሮች አደረጃጀትና ክብካቤ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ምርት ላይ ትንሽ የሃርድዌር ለውጥ መጣ። ቢኤምኢ280 የሚባለው የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት ሴንሰር ላይ አንዲት ፒን ከግራውንድ ወደ ቮልቴጅ ዞረች። ይቺ ፒን የሴንሰሩን የአይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት ባስ፣ ማለትም የጋራ የመገናኛ መስመር) አድራሻ ትወስናለች። ግራውንድ ላይ ከሆነች አድራሻው 76፣ ቮልቴጅ ላይ ከሆነች 77 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አድራሻዎች፣ የሬጅስተር ቁጥሮችና የቺፕ መለያዎች በሄክሳዴሲማል ናቸው። ሬጅስተር ቺፑ ውስጥ ያለች፣ የሚነበብባት ወይም የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ ናት።) ለውጡ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆን ነበረበት። ቀናት ፈጀብን። 76 የምትለው ቁጥር በየቦታው ተበትና ነበር፤ ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያናግረው ኮድ) ውስጥ፣ አፕሊኬሽኑ ውስጥ፣ የፋብሪካ መፈተሻ ኮዱ ውስጥ። አንዷማ ጭራሽ አድራሻ አልነበረችም። እሷንም አብረን ቀየርናት፤ ሌላ ነገር ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። ድራይቨር ማወቅ ያለበት ቺፑን ነው። ቺፑ የትኛው ቦርድ፣ የትኛው ባስ፣ የትኛው ፒን ላይ እንደተቀመጠ ማወቅ የለበትም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው። ከኢምቤድድ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ዜፈር ብትጠቀሙ፣ ፍሪአርቶስ፣ ነትኤክስ ወይም ኢምቤድድ ሊነክስ፣ ነገሩ ያው ነው። ምሳሌዬም በአብዛኛው ያው ሴንሰር ነው።

1. መጀመሪያ ያለውን ቁጠሩ

አንድም ፋይል ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ያሉትን ድራይቨሮች በሙሉ ሠንጠረዥ ላይ አስፍሩ። የቺፑን ትክክለኛ ስም፣ ያለበትን ባስ፣ የሚጠቀምበትን ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ የሚጠራ ምልክት)፣ ክሎኩንና የኃይል ምንጩን ጻፉ። ኮዱ ሲሠራ የታየው ዳታሺት (የአምራቹ ቴክኒካዊ ሰነድ) ስንተኛ እትም እንደሆነና የቺፑ ኢራታ (የታወቁ ጉድለቶቹ ዝርዝር) የት እንደሚገኝም ጨምሩ። በመጨረሻ «ይህን ኮድ ዛሬ የሚያውቀው ማን ነው?» የሚል ዓምድ ይኑር። እዚያ ላይ ባዶ የሚሆኑ ድራይቨሮች አይጠፉም። ሥራውን ከእነሱ ጀምሩ። የጻፈው ሰው ገና አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ሳይሄድ አነጋግሩት።

2. ንብርብሮቹን ለዩ

ከታች የማይክሮኮንትሮለሩ (ፕሮግራሙን የሚያሠራው ዋናው ቺፕ) ሬጅስተሮች አሉ። እነሱን የሚነካውን ኮድ ብዙ ጊዜ የቺፑ አምራች ይሰጣችኋል። ከሱ በላይ የባስ ድራይቨር አለ፤ አይቱሲ፣ ኤስፒአይ፣ ዩአርት። ከሱ በላይ የመሣሪያው ድራይቨር፣ ለምሳሌ የሴንሰሩ። ከሁሉ በላይ አፕሊኬሽኑ። የቦርዱ መግለጫ ከነዚህ ሁሉ ውጪ ለብቻው ይቀመጣል። ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ከበታቹ ያለውን አንዱን ብቻ ያያል። የሴንሰሩ ድራይቨር ለባሱ «ይህን ጻፍልኝ፣ ይህን አንብብልኝ» ይላል እንጂ የማይክሮኮንትሮለሩን ሬጅስተር አይነካም። አፕሊኬሽኑ «ሙቀቱ ስንት ነው?» ይላል እንጂ ኤፍ7 የሚባል ሬጅስተር መኖሩን እንኳ አይሰማም።

መከበሩን ለማወቅ ሁለት ማጣሪያ አለኝ። አንደኛ፣ የሴንሰሩን ፋይል ክፈቱና ከላይ የተዘረዘሩትን ሄደሮች እዩ። የማይክሮኮንትሮለሩ ሄደር እዚያ ካለ ንብርብሩ ተቀዷል። ሁለተኛ፣ ያንኑ ፋይል በተራ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ለማድረግ ሞክሩ። እምቢ ካለ፣ እምቢ ያለበት መስመር ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። ይህ ሁለተኛው በኋላ ቴስት ላይ በጣም ይጠቅማችኋል።

3. ፎልደሩን በሥራ ዓይነት አደራጁ

ብዙ ቡድኖች ፎልደሮቻቸውን በአምራች ስም ይከፍላሉ። እኔ አልመክረውም። አንባቢ የሚፈልገው «ዩአርቱ የት አለ?» የሚለውን ነው። ሊነክስም ዜፈርም ድራይቨሮቻቸውን በዋናነት በሥራ ዓይነት ነው የሚያስቀምጡት፤ ሴንሰር፣ ሲሪያል፣ ጂፒአይኦ እያሉ። የፋይሉ ስም ግን የቺፑ ስም ይሁን። «የሙቀት ሴንሰር» የሚል ፋይል ሁለተኛ የሙቀት ሴንሰር የመጣ ቀን ትርጉም ያጣል።

ከአምራች የመጣውን ኮድ ለብቻው ፎልደር ስጡትና እጃችሁን አታስገቡበት። የግድ መቀየር ካለበት ለውጡን በፓች ፋይል (ልዩነቱን ብቻ በያዘ ፋይል) መልክ ከጎኑ አስቀምጡ። ያለዚያ አምራቹ አዲስ እትም ሲያወጣ የእናንተን ለውጥ ከሱ ለውጥ መለየት አትችሉም። ገና ያልበሰለ ድራይቨርም የራሱ ቦታ ይኑረው። ሊነክስ ለዚህ ከ2008 ጀምሮ ስቴጂንግ የሚባል ፎልደር አለው። እዚያ የገባ ኮድ ገና ሥራ እንደሚቀረው ሁሉም ያውቃል።

4. የማይለወጠውንና የሚለወጠውን ነጥሉ

የመመሪያው ልብ ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እያንዳንዱ ድራይቨር ሦስት ነገር ይኑረው። አንዱ የፈንክሽን ፖይንተሮች ስትራክት (የፈንክሽኖቹ አድራሻ በአንድ የተሰበሰበበት) ነው፤ «ይህ ዓይነት መሣሪያ ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው የማይለወጥ ኮንፊግ ነው፤ ባሱ፣ አድራሻው፣ የኢንተራፕት ፒኑ። ኮንስት ስለሆነ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ራም አይበላም። ሦስተኛው የሚለዋወጥ ዳታ ነው፤ የመጨረሻው ንባብ፣ ሎኩ (ሁለት ክፍሎች እኩል እንዳይነኩት የሚጠብቀው)፣ ያለበት ሁኔታ። ፈንክሽኖቹ በሙሉ ወደ መሣሪያው የሚያመለክት ፖይንተር ይቀበላሉ። ግሎባል ቫሪያብል አይኖርም።

«አንድ ሴንሰር ብቻ ነው ያለን፣ ግሎባል ቢሆን ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ቢኤምኢ280 ራሱ መልስ ይሰጣል። የሴንሰሩ ጥሬ ቁጥር ሙቀት የሚሆነው በስሌት ነው፤ የስሌቱ ኮድም ዳታሺቱ ላይ በሲ ቋንቋ ተጽፏል። ኮዱ የሙቀቱን መካከለኛ ውጤት ቲ ፋይን በተባለ ግሎባል ቫሪያብል ይይዛል፣ ከዚያ የግፊቱና የእርጥበቱ ስሌት ይህንኑ ይጠቀማሉ። ኮዱን እንዳለ ገልብጡና ሁለት ሴንሰር አንድ ባስ ላይ አድርጉ፤ አንዱ 76፣ አንዱ 77። ሁለት ታስኮች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) እኩል ሲያነቡ የአንዱ ሙቀት ለሌላው እርጥበት ይገባል። ቁጥሩ እብድ አይሆንም፤ ትንሽ ብቻ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ወራት ሳይታይ የሚቆየው። መፍትሔው ቲ ፋይንን ወደ መሣሪያው ዳታ ስትራክት ማስገባት ብቻ ነው።

የፈንክሽኖቹን ዝርዝር አሳጥሩት። ስህተት ሲያጋጥም ሁሉም ድራይቨር በአንድ ቋንቋ ይናገር፤ ለምሳሌ ዜሮ ማለት ተሳክቷል፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ማለት ስህተት። ባሱ መልስ አልሰጠም፣ ጊዜው አለቀ፣ የተጠየቀው አይደገፍም፤ እነዚህ የተለያዩ ኮዶች ይሁኑ። ሁሉንም ነገር «ማይነስ 1» ብሎ የሚመልስ ድራይቨር ችግር በመጣ ቀን ምንም አይነግራችሁም።

ነትኤክስ የሚከተለው መንገድ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ ድራይቨሮቹን ላይኛና ታችኛ አጋማሽ ብሎ ይከፍላቸዋል። የላይኛው አጋማሽ ለዚያ የመሣሪያ ዓይነት ሁሉ አንድ ነው፤ ፋይል መክፈት፣ ማንበብ፣ ሎክ መያዝ እዚያ ይሠራል። የታችኛው የሃርድዌሩን ልዩ ባሕርይ ብቻ ይይዛል። አዲስ ቺፕ ሲመጣ የምትጽፉት የታችኛውን ብቻ ነው።

5. ቦርዱን በአንድ ቦታ ግለጹ

ለዚህ የተለመደው መሣሪያ ዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለውን ሃርድዌር የሚዘረዝር መግለጫ ነው። መነሻው ኦፕን ፈርምዌር የተባለው የኮምፒውተር ማስነሻ ስታንዳርድ ነው። በአርም ፕሮሰሰሮች ላይ በሚሠራው ሊነክስ የተስፋፋው ግን ከ2011 በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ ቦርድ የተለየ የሲ ፋይል ይጻፍ ነበር፤ ኮዱ ተቆልሎ የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በግልጽ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ የቦርዱ መረጃ ከኮድ ወጥቶ ወደ መግለጫ ፋይል መዛወር ጀመረ።

ሊነክስ ይህን መግለጫ ሲነሳ ያነበዋል። ዜፈር ግን ኮምፓይል ሲደረግ ወደ ማክሮ ይቀይረዋል። ስለዚህ ትንሿ ማይክሮኮንትሮለር ላይ የሚነበብ ፋይል አይቀርም። ፍሪአርቶስ ከከርነሉ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጋር የመጣ የራሱ የድራይቨር ሞዴል የለውም። እሱ ላይ ለእያንዳንዱ ቦርድ አንድ ፋይል አዘጋጁና የመሣሪያዎቹን ኮንፊግ በኮንስት ሠንጠረዥ አስቀምጡ። ቦርድ ሲቀየር የሚነካው ያ ፋይል ብቻ ይሁን።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የቦርድ መግለጫ ሃርድዌሩን ብቻ ይናገር። «ሴንሰሩ በየ10 ሰከንዱ ይነበብ» የሚለው ሃርድዌር አይደለም፤ የምርቱ ውሳኔ ነው። ቦታው አፕሊኬሽኑ ውስጥ ነው።

6. አነሳሱን ሥርዓት አስይዙ

ሴንሰሩ ባሱን ይፈልጋል፣ ባሱ ክሎኩን ይፈልጋል። ይህን ቅደም ተከተል በዕድል አትተዉት። ዜፈር ደረጃዎች አሉት፤ ከከርነሉ በፊት የሚነሱ፣ ከከርነሉ በኋላ የሚነሱ፣ በየደረጃው ውስጥም በቅድሚያ ቁጥር የሚሰለፉ። ሊነክስ ደግሞ ድራይቨሩ የሚፈልገው ነገር ገና ካልተነሳ «በኋላ ተመለስብኝ» እንዲል ይፈቅድለታል። የስህተት ቁጥሩ 517 ነው። ሎግ ላይ ይህን ቁጥር ካያችሁ ድራይቨሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር አለ።

ድራይቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ የቺፑን መለያ ያንብብ። ቢኤምኢ280 ዲ0 በሚባለው ሬጅስተር ላይ 60 ይመልሳል። ወንድሙ ቢኤምፒ280 ደግሞ 58 ይመልሳል፤ እሱ እርጥበት አይለካም። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ አድራሻቸውም አንድ ነው። በስህተት አንዱ በሌላው ቦታ የተበየደ ቦርድ ያጋጥማል። ይህን ካላረጋገጣችሁ ድራይቨሩ የሌለ እርጥበት ያነባል።

ሌላው፣ ማንኛውም መጠበቂያ ሉፕ የጊዜ ገደብ ይኑረው። «ቢቱ 1 እስኪሆን ጠብቅ» የሚል ገደብ የለሽ ሉፕ፣ ቺፑ የሞተ ቀን መላውን መሣሪያ ይዞ ይቀራል። በመሐል ስህተት ከመጣም የተያዘውን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ልቀቁ። መጨረሻ የተያዘው መጀመሪያ ይለቀቃል። ሊነክስ ላይ ዴቭኤም በሚል የሚጀምሩት ፈንክሽኖች ይህን ራሳቸው ይሠሩላችኋል። ሌላ ቦታ በጃችሁ ነው የምትሠሩት። አንድ ሴንሰር ስላልተነሳ ምርቱ በሙሉ መቆም እንደሌለበትም አስቡበት፤ አፕሊኬሽኑ «ይህ መሣሪያ ዝግጁ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻለው።

7. ኢንተራፕትና ሽሚያ

በጣም አስቸጋሪዎቹ ባጎች የሚገኙት እዚህ ነው። አንዳንዴ ብቻ ስለሚታዩ ሰው ያደክማሉ።

የኢንተራፕት ፈንክሽን ሦስት ነገር ብቻ ይሥራ። ምክንያቱን ያንብብ፣ ምልክቱን ያጥፋ፣ ታስኩን ይቀስቅስ። ሌላውን ሁሉ ታስኩ ይሥራው። ፍሪአርቶስ ላይ ከኢንተራፕት ውስጥ የሚጠሩት ፈንክሽኖች የተለዩ ናቸው፤ ስማቸው በፍሮም አይኤስአር ያልቃል። ተራውን ብትጠሩ አንዳንዴ ይሠራል፤ አደገኛነቱም እሱ ነው።

ኮርቴክስ ኤም በተባሉት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ የኢንተራፕት ቅድሚያ ቁጥር ተገላቢጦሽ ነው። ትንሹ ቁጥር ከፍተኛው ቅድሚያ ነው። ምንም ካልሰጣችሁት 0 ይሆናል፤ ያ ማለት የሁሉ የበላይ። ፍሪአርቶስ ግን ከተወሰነ ደረጃ በላይ ያሉ ኢንተራፕቶች ፈንክሽኖቹን እንዲጠሩ አይፈቅድም። ስለዚህ ቅድሚያ መስጠት የረሳችሁት ኢንተራፕት ኪው (ታስኮች መልእክት የሚቀባበሉበት ሰልፍ) ላይ ሊጽፍ ሲል ሲስተሙን ያናጋል። በልማት ጊዜ የፍሪአርቶስን አሰርት (ስህተት ሲያይ ፕሮግራሙን የሚያቆም ፍተሻ) ካበራችሁ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። አብሩት።

ሬጅስተር ላይም ወጥመድ አለ። ብዙ የሁኔታ ሬጅስተሮች «1 የጻፍክበት ቢት ይጠፋል» በሚል ሕግ ይሠራሉ። እንዲህ ዓይነቱን አንብባችሁ፣ አንድ ቢት ጨምራችሁ መልሳችሁ ብትጽፉ፣ ያልታዩ ኢንተራፕቶችንም አብራችሁ ታጠፋላችሁ። ማጥፋት የምትፈልጉትን ቢት ብቻ ጻፉ።

ቮላታይል የሚባለው የሲ ቃል ሎክ አይደለም። ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይዘልለው ይከላከላል እንጂ ሁለት ታስኮችን አያስማማም። የጋራ ዳታ ሙቴክስ በሚባለው ሎክ ይጠበቅ፤ ከኢንተራፕት ጋር የሚጋራው ደግሞ ኢንተራፕቱን ለአጭር ጊዜ በመዝጋት።

ዲኤምኤ (ያለ ፕሮሰሰሩ ዳታ ከሜሞሪ የሚያዘዋውር ሃርድዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ ካሹን (ፕሮሰሰሩ የሜሞሪን ቅጂ የሚይዝበትን ፈጣን ማከማቻ) አስታውሱ። ኮርቴክስ ኤም7 ላይ የካሽ መስመር 32 ባይት ነው። በፈሩ (ዳታው የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) በ32 ካልተሰለፈና ርዝመቱ በ32 ካልተካፈለ፣ ካሹን ስታጸዱ የጎረቤት ቫሪያብል ይነካል። ዲኤምኤው የጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት ኢንቫሊዴት (የካሹን ቅጂ መጣል)፣ ዲኤምኤው እንዲያነበው ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ክሊን (የካሹን ቅጂ ወደ ሜሞሪ መጻፍ) ማድረግ ያስፈልጋል።

8. ኃይል መቆጠብ

አጭር ነው፣ ግን አይረሳ። መሣሪያው ተኝቶ ሲነቃ ኃይሉ ተቋርጦበት ከነበረ ሬጅስተሮቹ ወደ መነሻቸው ተመልሰዋል። ድራይቨሩ ቅንብሩን በዳታ ስትራክቱ ይዞ እንደገና ይጻፈው። ከመተኛቱ በፊት የተጀመረ ዝውውር እንዲያልቅም ይጠብቅ።

9. ያለ ቦርድ ፈትኑ፣ ከዚያ በቦርድ ፈትኑ

የክፍል 2 ሁለተኛው ማጣሪያ ጥቅሙ እዚህ ይታያል። ድራይቨሩ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ከሆነ የውሸት ባስ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ዜፈር ለዚህ ኔቲቭ ሲም የሚባል ቦርድና የመሣሪያ ኢሙሌተሮች አሉት። ሌላ ቦታ አንድ ትንሽ የሲ ፋይል ይበቃል፤ የሬጅስተሮች ዝርዝር የያዘ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ።

የውሸት ባስ ትልቁ ጥቅሙ ማበላሸት መቻሉ ነው። በሦስተኛው ንባብ ላይ ቺፑ ዝም ይበል። መለያው 58 ይምጣ። ጊዜው ይለፍ። እውነተኛ ቦርድ ላይ እነዚህን በፈለጋችሁት ሰዓት ማምጣት ከባድ ነው።

አንዱን ግን በቦርድ ላይም ፈትኑ። ማይክሮኮንትሮለሩ በንባብ መሐል ሪሴት ቢደረግ ሴንሰሩ የዳታ መስመሩን ወደ ታች እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ባሱ ይታነቃል። መፍቻው በክሎክ መስመሩ ላይ እስከ 9 ምት መላክ፣ ከዚያ የማቆሚያ ምልክት መስጠት ነው። የአይቱሲ ድራይቨራችሁ ይህን የሚሠራ ፈንክሽን አለው? ከሌለው ዛሬ ጨምሩለት። ደንበኛ «ሶኬቱን ነቅዬ ስሰካው ይስተካከላል» ካላችሁ ከምጠረጥራቸው አንዱ ይሄ ነው።

በየለውጡ ደግሞ ሁሉንም ቦርዶችና ሁሉንም ቅንብሮች ኮምፓይል አድርጉ። ኬኮንፊግ (የሚካተተው ኮድ የሚመረጥበት የቅንብር ሥርዓት) ላይ ድራይቨሮችን ማብራትና ማጥፋት ስለሚቻል፣ ማንም የማያበራው ድራይቨር ሳይታወቅ ይበሰብሳል።

10. ለሚቀጥለው ሰው ጻፉ

ኮሜንት «ምን» ሳይሆን «ለምን» ይበል። ምሳሌ ልስጥ። ቢኤምኢ280 ላይ የእርጥበት ቅንብር የሚጻፈው ኤፍ2 ላይ ነው። ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከዚያ በኋላ ኤፍ4 ሲጻፍ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን መስመሮች «ላስተካክል» ብሎ ቦታ ቢያቀያይር እርጥበቱ ዝም ብሎ ይጠፋል። ከላይ አንድ መስመር ኮሜንት ያድነዋል። እንደዚሁም ከኤፍ7 እስከ ኤፍኢ ያሉት 8 ባይቶች በአንድ ጊዜ የሚነበቡት ለፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የሁለት ልኬት ቁርጥራጮች እንዳይቀላቀሉ ነው። ይህም ይጻፍ። በኢራታ ምክንያት የተጻፈ ኮድ ካለ የኢራታውን ቁጥርና የሚመለከተውን የቺፕ ሪቪዥን አብራችሁ አስፍሩ።

ኮሚቶችን (ጊት ላይ የሚመዘገቡትን ለውጦች) ትንንሽ አድርጉ። የቅርጽ ማስተካከያና የባሕርይ ለውጥ አንድ ኮሚት ውስጥ አይግቡ። ይህ ዋጋው የሚታወቀው ጊት ባይሴክትን፣ ማለትም ብልሽት ያመጣውን ኮሚት ዝርዝሩን በግማሽ እየከፈለ የሚፈልገውን መሣሪያ፣ የምትጠቀሙ ቀን ነው። 1000 ኮሚት መሐል የተደበቀን ብልሽት በ10 ሙከራ ገደማ ያገኝላችኋል፤ ግን እያንዳንዱ ኮሚት ኮምፓይል ሲሆን ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ድራይቨር ተጠሪ ስም ያለበት ፋይል ይኑር። ሊነክስ ሜይንቴነርስ የሚል ፋይል አለው፤ ማን ምን እንደሚይዝ እዚያ ይታያል። ተጠሪው ኮዱን ሁሉ ራሱ መጻፍ የለበትም፤ ለውጥ ሲመጣ ግን ሳያየው አይለፍ።

ሊነክስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይህን እወቁ፤ ከርነሉ ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች እንዳሉ ይቆያሉ የሚል ቃል የለም። ድራይቨራችሁ ከዋናው ከርነል ውጪ ከኖረ፣ ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ። ወደ ዋናው ካስገባችሁት ግን ፈንክሽኑን የሚቀይረው ሰው የእናንተንም አብሮ ያስተካክላል። ለማስገባት የሚወስደው ልፋት ብዙ ነው፤ ለረጅም ዕድሜ ምርት ግን የሚክስ ይመስለኛል።

11. የሞተውን አውጡ

ከሁለት የምርት ትውልድ በፊት የነበረ ቺፕ ድራይቨር ዛሬም ኮምፓይል ይደረጋል፣ ዛሬም ሰው ያነበዋል፣ ኢንተርፌስ ሲቀየርም ዛሬም ይስተካከላል። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ የትኛው ቦርድ እንደሚጠቀምበት እዩ። ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ በአንድ እትም ላይ «ሊወጣ ነው» ብላችሁ ምልክት አድርጉበትና ኮምፓይል ሲደረግ ማስጠንቀቂያ ያሳይ። እስከሚቀጥለው እትም ድምፅ ያሰማ ሰው ከሌለ በአንድ ንጹሕ ኮሚት ሰርዙት። መልእክቱ ላይ የመጨረሻውን የሚሠራ እትም ቁጥር ጻፉ። ከመስክ የተመለሰ አሮጌ መሣሪያ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢያርፍ፣ ኮዱን ከየት እንደምታወጡት ጊት ይነግራችኋል።